የፍቅር ኮሜዲን በ«ተጠባቂ ጥሰት» ንድፈ ሐሳብ እንዴት እንተነትናለን? ደረጃ በደረጃ

ቤን ኩሽና ገብቶ በገዛ እጁ የበግ ሥጋ አብስሏል። አንዲ ማዕዱ ላይ ቀርባ ሥጋውን ስታይ ፊቷ ይከፋል፤ ስለ አንዲት ልጅና ስለ ግልገሏ የሚዘመረውን የእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙር በሐዘን ድምፅ ታዜማለች፤ ሥጋ እንደማትበላም ትነግረዋለች። የተደከመበት እራት ተትቶ አትክልት ብቻ ወደሚቀርብበት ምግብ ቤት ይሄዳሉ። ተመልካቹ ይስቃል። የተግባቦት ተማሪ ግን ስቆ ሲያበቃ አንድ ነገር ሊከነክነው ይገባል፦ ይህ ሰውዬ ሴትዮዋን ለምን በጊዜ አላሰናበታትም?

ትዕይንቱ የሚገኘው ዶናልድ ፔትሪ ባዘጋጀው፣ ኬት ሃድሰንና ማቲው መኮናሂ በሚተውኑበት፣ በ2003 በወጣው «ሃው ቱ ሉዝ ኤ ጋይ ኢን ቴን ዴይስ» የተባለ ፊልም ውስጥ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የርዕሱ ሐሳብ ወደ አማርኛ ሲመጣ «ወንድን በ10 ቀን እንዴት ማባረር ይቻላል» እንደ ማለት ነው። ይህን ፊልም ይዘን፣ አንድን የተግባቦት ንድፈ ሐሳብ በፍቅር ኮሜዲ ላይ እንዴት እንደምንሠራበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያችኋለሁ። የማወራው የኮርስ ጽሑፍ ለታዘዘ ተማሪ ነው፤ ፊልም በጥንቃቄ ማየት የሚወድ ሌላ ሰውም ቢከተለኝ አይጎዳም።

አስቀድሜ የራሴን ውርደት ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ተመሳሳይ ሥራ ታዝዤ ከአንድ ፊልም ውስጥ 17 «ያልተጠበቁ ነገሮችን» ለቅሜ፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ አንቀጽ ጽፌ፣ በኩራት አስረከብኩ። መምህሩ በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ማን ነው ያደረገው?» ምን ለማለት እንደፈለጉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ ሰው ስለ መደንገጡ ብቻ የሚናገር ከመሰላችሁ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃላችሁ። ዋናው ነገር ያስደነገጠን ሰው በዓይናችን ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው። ፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ደግሞ ያ ዋጋ ከትዕይንት ትዕይንት ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከመነሳታችን በፊት፦ ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?

የንድፈ ሐሳቡ ባለቤት አሜሪካዊቷ የተግባቦት ተመራማሪ ጁዲ ቡርጉን ናት። በ1978 ባሳተመችው ጽሑፍ ጥያቄዋ ጠባብ ነበር፤ አንድ ሰው ከተለመደው ርቀት አልፎ ሲጠጋን ወይም ሲርቀን ምን እንሆናለን? አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል በ1966 አሜሪካውያን በመካከላቸው የሚተዉትን ርቀት በአራት ከፍሎት ነበር፦ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ የቅርብ ወዳጆች፣ ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር የግል፣ እስከ 3.6 ሜትር የማኅበራዊ ጉዳይ፣ ከዚያ ወዲያ የአደባባይ። የዘመኑ ምክር «ድንበሩን አክብር፣ አለዚያ ትጠላለህ» የሚል ነበር። ቡርጉን ይህን ተጠራጠረች። ድንበሩን መጣስ አንዳንዴ ከማክበር የተሻለ ውጤት ያመጣል አለች። ኋላ ላይ ሐሳቡ ከርቀት አልፎ ወደ ንክኪ፣ ወደ ዓይን አጣጣል፣ ወደ ንግግርና ወደ ሌላውም ባሕርይ ሁሉ ሰፋ።

ለጽሑፋችሁ የሚያስፈልጓችሁ ቃላት አራት ናቸው። «ተጠባቂ» የምንለው በዚያ ቦታ፣ ከዚያ ሰው፣ በዚያ ግንኙነት ውስጥ ይሆናል ብለን የያዝነውን ነው። «ጥሰት» ከዚያ የወጣው ድርጊት ነው። «የጥሰቱ ሚዛን» ደግሞ ድርጊቱ ደስ አሰኘን ወይስ ከፋን የሚለው ነው። አራተኛው «የባለድርጊቱ ዋጋ» ነው፤ ሰውዬው እስካሁን ከሰጠንና ወደፊት ሊሰጠን ከሚችለው ላይ ሊያስከፍለን የሚችለው ተቀንሶ የሚቀረው ማለት ነው። መልክ፣ ሥልጣን፣ ገንዘብ፣ ጨዋታ አዋቂነት፣ ቅጣት፣ ሁሉም እዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የጠበቅነው ሲጣስ ልባችን ይነቃል፤ ጆሯችን ከመልእክቱ ይነሳና ዓይናችን መልእክተኛው ላይ ያርፋል። ድርጊቱ ትርጉሙ የማያሻማ ከሆነ (ጥፊ፣ ስድብ፣ ስጦታ) በራሱ ይመዘናል። ሁለት ሦስት ትርጉም ካለው ግን ሚዛኑን የሚደፋው የባለድርጊቱ ዋጋ ነው። አንዱ ትከሻችንን ሲነካን «እንዴት ቀረቤታ አለው» እንላለን፤ ሌላው በዚያው እጅ በዚያው ትከሻ ሲነካን «ምን ያለ ደፋር ነው» እንላለን።

ተጠባቂ የሚባለው ነገር ከባህል እንደሚቀዳ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ጉርሻን አስቡት። ሰው እጁን ከ45 ሴንቲ ሜትሩ አሳልፎ አፋችን ድረስ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ አፋችንን እንከፍታለን። በእኛ ገበታ ጥሰቱ ያለው አለማጉረስ ላይ ነው። ይህንኑ ድርጊት ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ባንክ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ለማያውቀው ደንበኛ ቢያደርገው የጥበቃ ሠራተኛ ይጠራበታል። ስለዚህ የአሜሪካ ፊልም ስትተነትኑ የምትጠቀሙት የእናንተን ተጠባቂ ሳይሆን የገጸ ባሕርያቱን ነው። ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ፊልም መምረጥ

ሁሉም የፍቅር ኮሜዲ አይመችም። የሚመቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ሆን ብሎ የሌላውን ተጠባቂ የሚያፈርስበት ታሪክ ነው። የአገራችን ሲኒማ ቤቶችም ከሌላው ዘውግ ይልቅ የፍቅር ኮሜዲ ስለሚያሳዩ ምርጫ አይጠፋም፤ ማንነቱን ደብቆ የሚያፈቅር ሰው ያለበት ታሪክ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የያዝነው ፊልም ታሪክ ባጭሩ ይኸውና። አንዲ አንደርሰን «ኮምፖዠር» በተባለ የሴቶች መጽሔት ላይ የ«እንዴት» ዓምድ አዘጋጅ ናት። የምትመኘው ስለ ፖለቲካና ስለ ከባድ ጉዳዮች መጻፍ ነው፤ የምትጽፈው ግን ስለ ሌላ ነው። አሁን የተሰጣት ሥራ አንድ ወንድ ይዛ፣ ሴቶች በፍቅር ውስጥ ይሠሯቸዋል የሚባሉትን ስሕተቶች ሁሉ እየሠራች በ10 ቀን ውስጥ እንዲሸሻት ማድረግ ነው። ቤን ባሪ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ትልቅ የአልማዝ ድርጅት ማስታወቂያ እንዲሰጠው ከአለቃው ጋር ተወራርዷል፤ በ10 ቀን ውስጥ አንዲት ሴት በፍቅሩ እንድትወድቅ ካደረገ ሥራው የእሱ ነው። ሴትዮዋን የመረጡለት እዚያው መሥሪያ ቤት ያሉ ተፎካካሪዎቹ ናቸው፤ የአንዲን ተልእኮ ስለሚያውቁ ሆን ብለው ወደ እሷ መሩት። አንዷ ልታባርር፣ ሌላው ሊያስቀር፣ ሁለቱም ተደብቀው ይገናኛሉ።

ደረጃ 2፦ ሁለቴ ማየት

ፊልሙ 116 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ ማስታወሻ፣ ያለ ማቆም እዩት። የሳቃችሁበትን ቦታ ብቻ በአእምሯችሁ ያዙ። ሳቅ ጥሰት ያለበትን ቦታ ይጠቁማችኋል።

በሁለተኛው ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ገጹን በአምስት ዓምድ ከፍሉት፦ ደቂቃው፣ ማን አደረገው፣ ማን ተቀበለው፣ ተቀባዩ ምን ጠብቆ ነበር፣ ከድርጊቱ በፊት የባለድርጊቱ ዋጋ ምን ያህል ነበር። «ምን ተሰማው» የሚል ዓምድ አላስቀመጥኩም፤ የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። እሱን የምትሞሉት ሌሎቹ ከሞሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ጥሰቱን ከመጻፍ በፊት የተጠበቀውን መጻፍ

«አንዲ ያልተጠበቀ ነገር አደረገች» የሚል ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው። ማን ያልጠበቀው? በምን ምክንያት? ቡርጉን ተጠባቂ ከሦስት ምንጭ ይቀዳል ትላለች፦ ከሁኔታው (ባህልና ቦታ)፣ ከግንኙነቱ (ምን ያህል ይተዋወቃሉ፣ ማን ከማን ይበልጣል)፣ ከሰውዬው (ዕድሜ፣ ጾታ፣ መልክ፣ የንግግር ልማድ)።

የቅርጫት ኳሱን ትዕይንት እንውሰድ። ቦታው የኒው ዮርክ ኒክስ ጨዋታ ነው፤ ቤን የቡድኑ ነፍስ ደጋፊ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩትና ውጤቱ በማይታወቅበት ሰዓት አንዲ ጠማኝ ብላ መጠጥ እንዲያመጣ ትልከዋለች። ከሁኔታው ስንነሳ፣ እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ከወንበሩ አይነሳም። ከግንኙነቱ ስንነሳ፣ ገና ቀናት የተቆጠሩለት ትውውቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገን ይሉኝታ ይበዛዋል። ከሰውየዋ ስንነሳ ግን ነገሩ ይጣፍጣል፤ አንዲ ቀደም ሲል ጨዋታውን የምታውቅና የምትወድ ሆና ቀርባለታለች። ስለዚህ ቤን የጠበቀው ከማንኛዋም ሴት ከሚጠብቀው በላይ ነው። እሷ ያፈረሰችው ራሷ የሠራችውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙ። ተጠባቂ ሁለት ዓይነት ነው፦ ይሆናል የምንለውና መሆን አለበት የምንለው። የሠርግ ጥሪ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ እንግዳው በ6 መምጣት አለበት፤ በ8 እንደሚመጣ ግን ደጋሹም ያውቃል። በ6 ሰዓት የደረሰ እንግዳ አንዱን አክብሮ ሌላውን ይጥሳል፤ ደጋሹም ወንበር እየደረደረ ይቀበለዋል። አንዲ ብዙውን ጊዜ የምትጥሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው ጥሰቶቿ የሚከብዱት።

ደረጃ 4፦ የባለድርጊቱን ዋጋ ከጥሰቱ በፊት መተመን

እዚህ ቆም እንበል፤ የጽሑፋችሁ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ላይ ከሚነሱ ወቀሳዎች አንዱ ክብ ምክንያት ይፈጥራል የሚል ነው። ቤን ካልሄደ «ዋጋዋ ከፍ ያለ ነበር» እንላለን፤ ቢሄድ «ዝቅ ያለ ነበር» እንል ነበር። እንዲህ ከሆነ ንድፈ ሐሳቡ መቼም አይሸነፍም፤ መቼም የማይሸነፍ ነገር ደግሞ ምንም አያስረዳም። መድኃኒቱ አንድ ነው። ጥሰቱ ከመፈጸሙ በፊት ባሉት ትዕይንቶች ውስጥ ስለ ዋጋዋ ማስረጃ ፈልጉ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ወዲያ አትነካኩት። ለዚህ ነው «ምን ተሰማው» የሚለው ዓምድ መጨረሻ የሚሞላው።

በእኛ ፊልም ማስረጃው ብዙ ነው። አንዲ በመጀመሪያው ቀን ወጥመዱን የምታጠምደው በጥሩ ነገር ነው፤ ታስቃለች፣ ትማርካለች፣ ጫና አታበዛም። የማባረሩ ሥራ የሚጀምረው ቤን ከተያዘ በኋላ ነው። ጸሐፊዎቹ ንድፈ ሐሳቡን ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም፣ ግን ተንኮሉ ገብቷቸዋል፤ ዋጋ የሌለው ሰው ጥሰት ቢፈጽም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከዚያ በላይ ግን የተደበቀ ዋጋ አለ፤ የአልማዙ ማስታወቂያ። ለቤን አንዲ ቆንጆ ሴት ብቻ አይደለችም፤ የሥራው ዕድገት የታሰረባት ገመድ ናት። ብዙ ተማሪዎች የባለድርጊት ዋጋ ሲባል ውበትና ጠባይ ላይ ይቆማሉ። ሊያስገኝልን የሚችለው ጥቅም ዋነኛው ክፍል ነው። ይህን ከያዝን የበጉ ሥጋ እንቆቅልሽ ይፈታል። ቤን የዋጠው ንዴት ከፍቅር የመጣ አይደለም፤ እሷን ማጣት ሥራውንም ማጣት ስለሆነ ነው።

ይህ ሒሳብ በግልጽ የሚታይበት ትዕይንት የካርታ ምሽቱ ነው። ቤን ጓደኞቹን ሰብስቦ ፖከር ይጫወታል። አንዲ ሳትጠራ ትመጣለች። ቀደም ሲል የፍቅራችን ምልክት ነው ብላ ያስቀመጠችለት ፈርን የተባለ የቤት ውስጥ ተክል ውኃ አጥቶ ጠውልጓል። የሞተውን ተክል ይዛ፣ ፍቅራችንን ገደልከው ብላ በጓደኞቹ ፊት ታለቅሳለች። ቤን እዚህ ላይ ይፈነዳል፤ ግንኙነቱ ያበቃለት ይመስላል፤ አንዲም ተሳካልኝ ብላ ትወጣለች። ንድፈ ሐሳቡ የተነበየው ይኸው ነው፤ ክብደቱ የበዛ፣ በሰው ፊት የተደረገ፣ ትርጉሙ የማያሻማ ጥሰት ሲደጋገም ዋጋ ይሸረሸራል።

አሁን ጓደኞቹ ምን እንደሚያደርጉ እዩ። ውርርዱን ያስታውሱታል። የወደቀው ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ይቆማል። ቤን ተከትሏት ይሮጣል፣ አብረን ወደ ጥንዶች አማካሪ እንሂድ ይላታል። ድርጊቷ አልተለወጠም፣ ተክሉም አልተነሳም፤ የተለወጠው ዋጋዋ ብቻ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትዕይንት እኔ አላውቅም፤ ለሦስት ገጽ ጽሑፍ ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ጥሰቱን መመዘን

እያንዳንዱን ጥሰት «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» ብሎ ከመፈረጅ በፊት ጠይቁ፦ ትርጉሙ ግልጽ ነው ወይስ አሻሚ? አንዲ የቤንን መታጠቢያ ቤት በሴት ዕቃ ስትሞላው አሻሚ ነው። «ወዳኛለች፣ ልትቀርበኝ ፈልጋለች» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፣ «ቤቴን ልትወርስ ነው» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ዋጋዋ ከፍ ባለበት ሰዓት የመጀመሪያው ንባብ ይቀናል። የሁለታችንን ፎቶ አዋሕጄ የሠራሁት የወደፊት ልጆቻችን አልበም ይኸውልህ ስትለው ግን ማሻማቱ አልቋል።

ይህን ልዩነት ሳያዩ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት መክተት የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላው ስሕተት የመደንገጥን መጠን ከሚዛኑ ጋር መቀላቀል ነው። በጣም የሚያስደነግጥ ነገር የግድ በጣም መጥፎ አይደለም።

ደረጃ 6፦ መስተዋቱን ማዞር

እስካሁን የቤንን ተጠባቂ ብቻ ስናይ ቆየን። አንዲስ? የአንዲ ተጠባቂ ቀላል ነው፤ ወንድ በዚህ ሁሉ ይሸሻል። መጽሔቱም፣ ጓደኞቿም፣ እሷም ያምኑታል። ቤን ባለመሸሹ ከእሷ የማይተናነስ ጥሰት እየፈጸመ ነው፤ ደግሞም አዎንታዊ ጥሰት። ሴት ሁሉ እንዲህ የሚታገሣት ወንድ እየተመኘች፣ ይህቺ ግን ለሥራዋ ሲባል ባይታገሣት ትመርጣለች። ኮሜዲው የሚፈላው እዚህ ጋር ነው፤ ያው ድርጊት ለአንዲ ለሴትነቷ ደስታ፣ ለጋዜጠኝነቷ ኪሳራ ነው። አንድን ጥሰት በአንድ ሰው ውስጥ በሁለት ሚዛን መመዘን ይቻላል ወይ? ቡርጉን ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሰጠች አይመስለኝም። እናንተ መልሱን ሞክሩ፤ ጽሑፉ የእናንተ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ደረጃ 7፦ ከመታጠፊያው በኋላ ሒሳቡን እንደገና መሥራት

ከምክር ክፍለ ጊዜው ቀጥሎ (አማካሪ መስላ የተቀመጠችው የአንዲ ጓደኛ ናት) ቤን አንዲን ስታተን አይላንድ ወዳሉት ቤተሰቦቹ ይወስዳታል። ተመልካቹ እዚያ ሌላ ትርምስ ይጠብቃል። አንዲ ግን ታርፋለች። ከቤተሰቡ ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ ጨዋታው ደግሞ የሚዋሸውን ሰው አውቆ ማጋለጥ ነው፤ ሁለት ውሸታሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው! ቤን ሞተር ሳይክል መንዳት ያስተምራታል።

እዚህ ላይ ጥሰቱ ተገልብጧል። ቤን ካለፉት ቀናት ተነስቶ የያዘው ተጠባቂ «ይህቺ ሴት ታሳብደኛለች» የሚል ነበር። ጤናማ ሆና መገኘቷ ራሱ አዎንታዊ ጥሰት ሆነ። ተጠባቂ ቋሚ ሐውልት አይደለም፤ በተደጋገመው ልክ ይቀረጻል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተራ ነገር የነበረ ጠባይ አሁን ስጦታ ይመስላል። ይህን የምታሳዩት የደረጃ 3ን ጥያቄዎች ለዚህ ትዕይንት እንደ አዲስ በመመለስ ነው፤ የቀድሞውን መልስ ገልብጣችሁ አትለጥፉ።

በመጨረሻው ግብዣ ላይ ሁለቱም ምሥጢር ይወጣል፤ እሷ ስለ ውርርዱ፣ እሱ ስለ ዓምዱ ይሰማሉ። ይህ ጥሰት ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ይነካል። የቤን ትዕግሥት በአንድ ሌሊት ንግድ ሆነ፤ የአንዲ እንባ ማስታወሻ ደብተር ሆነ። ንድፈ ሐሳቡ በአመዛኙ የሚያየው ጥሰቱ የተፈጸመበትን ቅጽበት ስለሆነ እዚህ ጋር ጠበብ ይልበታል። በሐቅ ጻፉት። መምህር የሚወደው ንድፈ ሐሳቡ ሁሉን ያስረዳል የሚል ተማሪ አይደለም፤ የት እንደሚያነክስ ያየ ተማሪ ነው።

ደረጃ 8፦ መጻፍ

ፊልሙን በሁለት አንቀጽ፣ ንድፈ ሐሳቡን በሦስት፣ የቀረውን ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ትዕይንት ላይ አውሉት። ታሪኩን መተረክ ሲያምራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የትንተና አንቀጽ ምን እንደሚመስል ከካርታ ምሽቱ አንድ ላሳያችሁ፦

«ቤን ከአንዲ ጋር በቆየባቸው ቀናት በጓደኞቹ ፊት እንዲዋረድ የሚያደርግ ነገር አልጠበቀም፤ የካርታ ምሽት የወንዶች ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ትውውቃቸውም አጭር ነው። የአንዲ ድርጊት ሦስቱንም ይጥሳል፤ ትርጉሙም ግልጽ ወቀሳ ስለሆነ ለመልካም ንባብ ቦታ አይተውም። ቤን መቆጣቱ ንድፈ ሐሳቡ ከሚተነብየው ጋር ይስማማል። ይሁን እንጂ ጓደኞቹ ውርርዱን ሲያስታውሱት ወዲያው አቋሙን ይለውጣል። በድርጊቱ ላይ የተጨመረ አዲስ መረጃ የለም፤ የተጨመረው አንዲ ልታስገኝለት ስለምትችለው ጥቅም ነው። ስለዚህ የተቀባዩን ምላሽ የወሰነው የጥሰቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የባለድርጊቷ ዋጋ ነው።»

ልብ በሉ፤ አንቀጹ ውስጥ «አስቂኝ»፣ «የሚገርም»፣ «ድንቅ» የሚል ቃል የለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከአራቱ ቃላት አንዱን ይዞ ይሠራል።

አንድ ንድፈ ሐሳብ ለንጽጽር መጨመር ከፈለጋችሁ የቻርልስ በርገርና የሪቻርድ ካላብሬስ የ1975 ሥራ ይመቻል። እነሱ ሰውን መተንበይ ሲያቅተን ጥርጣሬያችን ይጨምራል፣ መውደዳችንም ይቀንሳል ይላሉ። ቡርጉን ደግሞ ባለዋጋ ሰው ሲያስደንቀን መውደዳችን ሊጨምር ይችላል ትላለች። ስታተን አይላንድ ላይ ሁለቱን አፋጥጣችሁ ማን እንደሚረታ ፍረዱ። ከዚህ በላይ ንድፈ ሐሳብ አትደርድሩ፤ ሦስተኛ ሲጨመር ሁሉም ላይ ላዩን ይቀራል።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻውን ሩጫ መጠራጠር

ፊልሙ የሚያልቀው እንደ ብዙዎቹ ነው። አንዲ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ታክሲ ይዛለች፤ ቤን የጻፈችውን አንብቦ በሞተር ሳይክል ተከትሏት ማንሃተን ድልድይ ላይ ታክሲውን ያስቆማል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

አሁን ገጸ ባሕርዩን ቀይሩትና ያንኑ ትዕይንት አስቡት። አንዲት ሴት ግንኙነቱ አልቋል ብላ የተለየችው፣ የማትፈልገው ሰው በሞተር ተከትሎ መኪናዋን መንገድ ላይ ቢያስቆም ፖሊስ ትጠራለች፤ መጥራትም ይገባታል። ድርጊቱ በካሜራ ሲታይ አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ፊልሙ ለመቶ ደቂቃ ያህል የቤንን ዋጋ በእኛም በእሷም ዓይን ሲያስወድድ መቆየቱ ነው። የዘውጉ ምሥጢርም፣ ለእኔ፣ ችግሩም ያለው እዚህ ነው።

ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ገጽ ለተመልካቹ ተዉ። እኛም ቲኬት ስንቆርጥ የያዝነው ተጠባቂ አለ፤ ሁለቱ በመጨረሻ ይገናኛሉ። አዘጋጁ ከበጉ ሥጋ እስከ ተክሉ ድረስ የገጸ ባሕርያቱን ተጠባቂ ሲያፈራርስ ይውልና የእኛን አንዴም አይነካውም። ታክሲው ድልድዩን ተሻግሮ ቢሄድ ኖሮ ተመልካቹ ፊልሙን በምን ሚዛን ይመዝነው እንደነበር በዚያች ገጽ ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ላይ ባለድርጊቱ አዘጋጁ ራሱ ነውና የእሱንም ዋጋ አስቀድማችሁ ተምኑ።